የደገኛው ደም፦ ከአንዴስ እስከ ስሜንና ጉና

ደም ለሰው አካል ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች ቀዳሚው ኦክሲጅንን ከሳንባ ተቀብሎ ለሕዋሳት ማድረስ ነው። ይህን ተግባር የሚያከናውነው በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ የሚገኘው ሄሞግሎቢን ነው። አየሩ በሚሳሳበት ከፍተኛ ቦታ አገልግሎቱ እንዴት ይቀጥላል? ጥያቄው ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ የጤና ባለሙያ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከ4000 ሜትር በላይ ከሚዘልቀው ከጉና ተራራ እስከ ዓባይና በሽሎ ሸለቆዎች በተዘረጋው አገር፣ ደገኛውም ቆለኛውም ደሙን የሚያስመረምረው በአንድ መለኪያ ነውና።

ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንሷ ቪዮ እ.ኤ.አ. በ1889 ወደ ፔሩ ተጉዞ፣ ሞሮኮቻ በተባለው የማዕድን መንደር ደሙን መረመረ። በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር 5 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የቀይ ሕዋስ ቁጥር በጥቂት ሳምንታት ከ7 ሚሊዮን በላይ ሆኖ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ከፍታ ደምን ያበዛል የሚለው ትምህርት ጸና። ብዛቱ ግን ጉዳትም አለው፤ ፔሩያዊው ካርሎስ ሞንጌ እ.ኤ.አ. በ1925 እንደገለጠው፣ ደማቸው ከልክ በላይ የወፈረ ደገኞች በራስ ምታት፣ በድካምና በከንፈር መጥቆር ይሠቃያሉ።

የኢትዮጵያ ደገኛ ተራ የደረሰው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመው የሃሪሰንና የባልደረቦቹ ጥናት 3000 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን ደባርቅን 1500 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው አዲ አርቃይ ጋር አነጻጸረ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በስሜን፣ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ያልተጠበቀ ውጤት አቀረቡ። አማካይ ሄሞግሎቢን ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር፣ የደም ኦክሲጅን ሙሌትም 95.3 በመቶ ነበር። እንደ አንዴስ ሰው ደማቸው አልወፈረም፤ እንደ ቲቤት ሰው ሙሌታቸው አልቀነሰም። ሁለቱም ልኮች በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖር ሰው ልክ የሚቀራረቡ ናቸው።

የዚህ ታሪክ ፍሬ የሚፈተነው በምርመራ ክፍል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2024 ድረስ በ3500 ሜትር ከተለካው ሄሞግሎቢን 2.7 ግራም ተቀንሶ ነበር የደም ማነስ የሚወሰነው። ይህ ስሌት በስሜን ሰዎች ላይ ቢሠራ የወንዶቹ አማካይ 13.2፣ የሴቶቹ 12.3 ይሆናል። የደም ማነስ ወሰኑ ለወንድ 13፣ ላልፀነሰች ሴት 12 ነውና፣ ከአማካዩ ጥቂት ዝቅ ያለ ጤነኛ ሁሉ ሕመምተኛ ይባላል ማለት ነው። በአንጻሩ ማስተካከያውን ፈጽሞ መተው፣ ወባ ወይም የአንጀት ትል ደሟን የጨረሰባትን ነፍሰ ጡር ሳይታወቅ ሊያሳልፍ ይችላል።

እንግዲህ ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም። የታማሚው መኖሪያ ከፍታ፣ በቅርቡ ወደ ቆላ ወርዶ እንደሆነ፣ የዓይኑ ሽፋን ንጣት፣ የቀይ ሕዋሱ መጠንና ቅርጽ አብረው ሊታዩ ይገባል። የአንዴስን ደም የለካ ሚዛን የጉናን ደገኛ ሲመዝን፣ ሚዛኑን የያዘው ባለሙያ ማስተዋሉን መጨመር ግድ ይለዋል።