የሳንቲሟ ሴት አገር

በጓቴማላ የ25 ሳንታቮ ሳንቲም ላይ ያለችው ሴት ንግሥት አይደለችም፤ ፕሬዚዳንትም አልነበረችም። ራሷ ላይ ረጅም ጥብጣብ ዙሪያውን ጠምጥማ የምትታየው ኮንሴፕሲዮን ራሚሬዝ የሳንቲያጎ አቲትላን ሴት ናት። ያረፈችው በ2021 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ)። አገሪቱ የማያን መልክ ገንዘቧ ላይ ለማተም ስትፈልግ ከዚህች ከተማ ሴት መረጠች። የዚያችው አገር ጦር ደግሞ በከተማዋ ሰዎች ላይ ተኮሰ። እኔን ወደዚህ ታሪክ የሳበኝ ይኼ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ቦታውን እንየው። ጓቴማላ በ340 ማዘጋጃ ቤቶች የተከፋፈለች ናት፤ እያንዳንዱን እንደ እኛ ወረዳ አስቡት። ሳንቲያጎ አቲትላን በሶሎላ አውራጃ፣ በአቲትላን ሐይቅ ደቡብ ዳርቻ ላይ ያለች ናት። ሐይቁ ከባሕር ጠለል 1,500 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፣ ጥልቀቱ ከ300 ሜትር ያልፋል፣ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ ደግሞ የለውም። ከተማዋን ሦስት እሳተ ገሞራዎች ከበዋታል፦ ሳን ፔድሮ ከውሃው ማዶ፣ ቶሊማንና አቲትላን ከጀርባዋ። ፊት ውሃ፣ ኋላ ተራራ። ሜዳ የሚባል ነገር ጥቂት ነው።

ከአሥር ነዋሪዎቿ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ጹቱሂል የሚባሉ ማያዎች ናቸው። የ2018 ቆጠራ እንደሚለው በአገር ደረጃ ራሱን ማያ ያለው ሕዝብ 41.7 በመቶ ነው። የጹቱሂል ቋንቋ «ጸ»፣ «ቀ» እና «ጨ» አሉት፤ በላቲን ፊደል ሲጻፉ ጭረት ይጨመርላቸዋል። በኛ ፊደል ምንም አይጨመርም። የሕዝቡን ስም ከብዙ ፈረንጅ በተሻለ የምንጠራው እኛ ሳንሆን አንቀርም።

እንዲህ ዓይነት ቦታ ሲነሳ «ዓለም ያልነካው ሕዝብ» ማለት የተለመደ ነው። ስህተት ነው። ዓለም በደንብ ነክቶታል። በ1524 ፔድሮ ደ አልቫራዶ ካክቺኬል የተባሉትን ሌሎች ማያዎች አጋር አድርጎ መጥቶ ጹቱሂሎችን ድል አደረገ። ከተማዋም አሁን ባለችበት ቦታ በ1547 የቆመችው በፍራንሲስካን መነኮሳት ነው። ከ1871 በኋላ ደግሞ የቡና ዘመን መጣ። ከኛ ጫካ የወጣው ተክል እዚያ ሲደርስ የማያን መሬት የሚበላ፣ የደጋውን ሰው ወደ ቆላ እርሻ ለጉልበት ሥራ የሚነዳ ሆነ።

ከዚያ ጦርነቱ። ስታንሊ ሮዘር ከአሜሪካዋ ኦክላሆማ በ1968 የመጣ ካቶሊክ ቄስ ነበር። ጹቱሂል ተምሮ በዚያው ቋንቋ ይቀድስ ነበር። ስሙ ከሚገደሉት ጋር እንዳለ ሲሰማ በ1981 መጀመሪያ ወደ አገሩ ሄደ፣ በፋሲካ ተመለሰ፣ ሐምሌ 28 ሌሊት በመኖሪያው ተገደለ። አስከሬኑ ወደ ኦክላሆማ ሲሄድ ልቡ ከተማዋ ውስጥ ቀረ፤ ይህን የጠየቁት ምእመናኑ ናቸው። አገሪቱ ውስጥ ከ200,000 በላይ ሰው ሞቷል ወይም ጠፍቷል ያለው የእውነት አጣሪ ኮሚሽን፣ ማንነታቸው ከተረጋገጠው ሰለባዎች 83 በመቶው ማያዎች እንደሆኑ በ1999 ጽፏል።

በታኅሣሥ 1990 ወታደሮች ሰክረው ነዋሪ ላይ ተኮሱ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ደወል ሰምቶ ነጭ ጨርቅ ይዞ፣ ፓናባህ ወደሚባለው ሰፈር፣ ወደ ጦር ካምፑ ሄደ። ጦሩ ተኮሰ፤ 13 ሰው ሞተ፣ ሕፃናትም ነበሩበት። ሕዝቡ ግን አልተበተነም። መጻፍ የማይችለው በጣት አሻራው ሳይቀር ፈርሞ ጦሩ እንዲወጣ ጠየቀ። ጦሩም በዚያው ወር ወጣ! የሰላም ስምምነቱ የተፈረመው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቦታው ልመልሳችሁ። ፓናባህ ከቶሊማን ግርጌ፣ ተራራው ራሱ ባወረደው ደለል ላይ ያለ ሰፈር ነው። መሬት ሲጠብ ሰው የሚሰፍረው እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው። በጥቅምት 2005 ስታን የተባለው አውሎ ነፋስ ዝናብ ሲያወርድ ጭቃው ሌሊት ወርዶ ሰፈሩን ቀበረው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ጦሩ ሊረዳ ሲመጣ ነዋሪዎቹ አትገቡም አሉ። ዘመዶቻቸውን በአካፋና በእጃቸው ፈለጉ።

ከውጭ ሆኖ ላየው እልህ ይመስላል፤ አካፋ የያዘን ሰው ማን ይመልሳል? እኔ እንደዚያ አላነበውም። ከ15 ዓመት በፊት በዚያው አፈር ላይ ልጅህን የገደለ ዩኒፎርም፣ ዛሬ ልጅህን ሊያወጣ መጣሁ ቢል ምን ትለዋለህ? በቆጠራ ወረቀት ላይ «ብዙኃኑ ማያ» የምትለው መስመር በራሷ የተገኘች አይደለችም። ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ ለመወሰን በደም የከፈሉ ሰዎች ይዘው ያቆይዋት መስመር ናት።