ሽጉጥና የላስታ መንገደኛ

ትምህርቱን ፈጽሞ ለሥራ ወደ ላስታ የሚሄድ ወጣት ስንቁን ሲያሰናዳ ከዘመዶቹ ከሚሰማው ምክር አንዱ፥ «ትንሽ ሽጉጥ ብትይዝ ይሻልሃል» የሚል ነው። አገሩ ገደላገደል፥ መንደሩም ከመንደር የተራራቀ መሆኑን እየጠቀሱ ያስፈራሩታል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ላሊበላ ከተማ ድረስ ከገባ ወዲህ እንዲህ ያለው ምክር ቢበረታ የሚያስደንቅ አይደለም። እኛም ይህን ጉዳይ ለመመርመር የተነሣሣነው ከጓደኞቻችን መካከል ምክሩን በቀልድ ሳይሆን በቁም ነገር የተቀበሉ ስላሉ ነው። ጥያቄያችን ግን ሽጉጥ መያዝ ይገባል ወይስ አይገባም የሚል አይደለም። በዚያ ደጋ ላይ በታሪክ ሲታይ ሽጉጥ ማንን ከማን ጠበቀ? የሚለው ነው።

አስቀድመን ስሙን እንመልከት። ሽጉጥ የሚለው ቃል ሸጎጠ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ የተሸጎጠ፥ በልብስ ሥር የተደበቀ ማለት ነው። አባቶቻችን ከባሕር ማዶ የመጣውን ረጅም ጠመንጃ የጠሩት ብዙውን ጊዜ በሠሪው ስም ነው። ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፥ ውጅግራ ከፈረንሳዩ ፉዚል ግራ፥ ምንሽርም ከማንሊኸር የተገኙ ስሞች ናቸው። ትንሹን መሣሪያ ግን በሠሪው ስም መጥራት አላስፈለጋቸውም፤ በገዛ ቋንቋቸው ከአያያዙ ተነሥተው ስም አወጡለት። ይህ ለእኛ ተራ ነገር ሆኖ አልታየንም። ምክንያቱም በደጋው አገር ጠመንጃ የሚያዘው እንዲታይ ነው። ባለጠመንጃው በትከሻው ላይ አጋድሞት፥ ዝናሩን በወገቡ ታጥቆ ሲሄድ ያየው ሁሉ የማን ልጅ እንደ ሆነ፥ ቢደፍሩትም ዝም ብሎ የማያድር ሰው መሆኑን ይረዳ ነበር። ስለዚህ ጠመንጃ ሳይተኮስም ባለቤቱን ይጠብቀው ነበር ለማለት ይቻላል። የተሸጎጠ ነገር ግን ማንንም አያስፈራም፤ ሥራው የሚጀምረው ጠብ ከተነሣ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ነገር ርቀት ነው። አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1836 ዓ.ም. በአገሩ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሽጉጥ፥ ጥይቱን የሚጎርሰው ክፍል በየተኩሱ እየዞረ፥ አንድ ሰው ሳያጎርስ ደጋግሞ እንዲተኩስ ያስቻለ ነው። በኛ አገር ስድስት ጎራሽ የሚባለው ዓይነት በዚህ ሐሳብ የተሠራ ነው። አፈሙዙ አጭር በመሆኑ ለመሸጎጥ ይመቻል፤ በዚያው ምክንያት ግን ከጥቂት እርምጃ አልፎ ዒላማውን ማግኘት ይቸግረዋል። ይህን ይዘን ወደ ላስታ እንመለስ። ላሊበላ ከተማ ራሷ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን በላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። መንገዱ አንዴ ወደ ተከዜ ምንጮች እየቆለቆለ፥ አንዴ በአምባው ጫፍ እየታከከ የሚሄድ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ሽፍታ መንገደኛን ሲጠብቅ ከላይ፥ ከቋጥኝ ኋላ ሆኖ ነው። ጥይቱ ከማዶ ሲመጣ ሽጉጥ የያዘ ሰውና ባዶ እጁን ያለ ሰው አንድ ናቸው። እንዲያውም ሽጉጡ እንደ ታወቀበት ለእርሱ ሲባል የሚገደል አለ፤ መሣሪያ ራሱ የሚዘረፍ ሀብት ነውና። እንግዲህ ሽጉጥ በመንገድ ሳይሆን በቤት ውስጥ፥ በድንኳን፥ በግብር ላይ፥ ክንድ በሚደርስበት ቦታ የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ክንድ በሚደርስበት ቦታ የሚገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁት ሰው ነው። ላስታ ይህን ዓይነት ፍርሃት ሽጉጥ ሳይታሰብም ታውቀው ነበር፤ የቅዱስ ላሊበላ ታሪክ መርዝ የተሰጣቸው ከገዛ ቤተ ዘመዳቸው መሆኑን ይተርካል።

በኢትዮጵያ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ስሟ የታወቀ ሽጉጥ የዐፄ ቴዎድሮስ ናት። የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ፕላውዴን በ1852 ዓ.ም. በጎንደር አጠገብ በሽፍታው በጋረድ ሰዎች እጅ ቆስሎ ከሞተ በኋላ፥ ንግሥት ቪክቶሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ለአገልጋይዋ ስላደረጉለት ደግነት የምስጋና ቃል የተቀረጸባቸው ጥንድ ሽጉጦች ላከች። ያመጣቸውም በፕላውዴን ቦታ የተሾመው ካሜሮን ነው። ሰው ስለ ሞተበት ምስጋና የተላከ ሽጉጥ! ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለእንግሊዝ ጦር ከመስጠት ይልቅ ሞትን መርጠው በዚያው ስጦታ ራሳቸውን እንደ ገደሉ ይነገራል። ይህ ሽጉጥ ክብራቸውን ጠበቀ የሚል ቢኖር አንከራከረውም። ሕይወታቸውን ግን አልጠበቀም፤ ለዚያም አልተመዘዘም።

ሕይወታቸውን ቀድሞ የጠበቀው ሌላ ነገር ነበር፤ ይህም ብዙ ጊዜ በመቅደላው ታሪክ ይሸፈናል። በቤተ መንግሥታችን ሊቀ መኳስ የሚባል ማዕርግ ነበረ። ሊቀ መኳሱ በጦር ሜዳ እንደ ንጉሡ ለብሶ፥ የጠላትን ዓይንና ጦር ወደ ራሱ የሚስብ ሰው ነው። የቴዎድሮስ ሊቀ መኳስ እንግሊዛዊው ዮሐንስ ቤል ነበር። ከፕላውዴን ሞት በኋላ ከጋረድ ጋር በተደረገው ውጊያ ቤል ንጉሡን ሲከላከል ወደቀ። የንጉሡ ጋሻ እንግዲህ በቀበቶ ሥር የተሸጎጠ ብረት ሳይሆን በአጠገባቸው የቆመ ሰው ነበር። ሥርዓቱም ይህን አውቆ ማዕርግ ሰጥቶታል።

ላስታ ለዚህ ታሪክ ባዕድ አይደለችም። ዋግሹም ጎበዜ አባታቸው ዋግሹም ገብረ መድኅን በቴዎድሮስ ትእዛዝ ከተገደሉ በኋላ ሸፍተው ዋግንና ላስታን ይዘው ነበር። ከመቅደላ በኋላም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ነገር ግን እንግሊዞች ሲመለሱ 12 መድፎችና ወደ 850 የሚጠጉ ጠመንጃዎች ለትግሬው ለደጃዝማች ካሳ ትተውላቸው ስለ ነበር፥ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ አሳም ላይ ብዙው የላስታና የዋግ ጦር በጥቂቱ ተሸነፈ። ካሳም ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ። ከዚህ ወዲያ በደጋው ለጠመንጃ ያለው ፍቅር ቢጨምር ማን ይፈርዳል?

ንጉሥ ሊቀ መኳስ ነበረው፤ ተራው መንገደኛስ? እርሱም የሚጠበቀው በሰው ነበር። ነጋዴ ብቻውን አይጓዝም፤ ጓዝ ተጠባብቆ ይነሣል፤ ማደሪያውንም የሚያገኘው በሚያውቀው ወይም በተላከለት ሰው ቤት ነው። ያሳደረው ባለቤት እንግዳው እስኪሸኝ ድረስ ስለ እርሱ ይጠየቃል። ጠብ ቢነሣ ማንም መንገድ አላፊ፥ ሴትም ብትሆን፥ «በሕግ አምላክ!» ብትል የተነሣው ዱላ ይቆማል። ይህን ቃል ሰምቶ እጁን ያልሰበሰበ ሰው ጥፋቱ እጥፍ ነው። ደመኛው ያሳደደው ሰው ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ደወል ቢደውል ተማጥኗልና አይነካም። ንብረት ጠፍቶ ሌባው ባይታወቅ አገሬው በአውጫጭኝ ተሰብስቦ እስኪያወጣ ድረስ ይቀመጣል። በተለይ ላሊበላ ካህናት የበዙባት ከተማ ስለ ሆነች ይህ ነገር ይገባታል፤ ነፍስ ያጠፋ ካህን ክህነቱ ስለሚፈርስበት ሽጉጥ ቢታጠቅ እንኳ ሊተኩሰው የማይችለው ዕቃ ነው። (እኛ በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ሁለቱ ሰይፎች የሚናገረውን የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 22 አንሥተን ከመምህራችን ጋር ብዙ ተከራክረን ነበር። ያን ጊዜ ያሸነፍን መስሎን ነበር፤ ዛሬ ግን እርግጠኞች አይደለንም።)

ይሁን እንጂ ይህን ሥርዓት እንከን የሌለው አድርገን ብናቀርብ ታሪክን እንበድላለን። «በሕግ አምላክ» የሚሠራው ሁለቱም ወገኖች በአንድ ሕግና በአንድ አምላክ ሲያምኑ ነው። ከማይጨው ጦርነት በኋላ፥ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ላሊበላ ሄደው በዚያ ሲጸልዩ ሰነበቱ። በቀጠለው ዓመት፥ በ1929 ዓ.ም. የራስ ካሳ ልጅ ደጃዝማች ወንድወሰን ካሳ በላስታ ሲዋጉ በኢጣልያኖች ተይዘው ተገደሉ። ወንድሞቻቸው አበራና አስፋ ወሰን ደግሞ ሕይወታቸው እንደሚጠበቅ ቃል ተሰጥቷቸው ፍቼ ላይ እጃቸውን ሰጡ፤ ተገደሉም። በመስከረም 1930 ዓ.ም. ላስታና ዋግ ሲነሣ የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ተገድለው ራሳቸው ተቆርጦ ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ። እነዚህ መኳንንት መሣሪያ አጥተው አይደለም የሞቱት። የፍቼዎቹም ቃልን አምነው መሣሪያቸውን ያስቀመጡት እንደ አገራቸው ልማድ ቃል የሚያስር መስሏቸው ነው። በኛ አስተያየት ዛሬም በላስታ ሽጉጥ የሚያስመኘው የሽፍታ ብዛት ብቻ አይደለም። ወጣቱ ቢጮህ «በሕግ አምላክ» የሚሰማ ሰው ይኖር ይሆን ብሎ መጠራጠሩ ነው። ጥርጣሬው መሠረት የለውም ለማለት አንደፍርም።

የተጻፈውን ሕግ በአጭሩ እንመልከት። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 ሌሊት ቤት ሲሰብር የተገደለውን ሌባና ፀሐይ ከወጣች በኋላ የተገደለውን ይለያል፤ ለመጀመሪያው የደም ዕዳ የለም፥ ለሁለተኛው አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ሆኖም ጥቃቱ ከሕግ ውጭ የሆነና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፥ በሌላ መንገድ ሊገታ የማይችል፥ መከላከያውም ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ያዛል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል። እንግዲህ ፈቃድ ያለው ሰው ሌሊት በሩን የሰበረበትን በሽጉጥ ቢገድል ዳኛው በነፃ ሊያሰናብተው ይችላል።

የሟቹ ወንድሞች ግን ችሎት ውስጥ አልነበሩም፤ ቢኖሩም አንቀጽ ቁጥር ደም አያደርቅላቸውም። ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተመርጠው፥ ካሣ ተቆርጦ፥ ካህን መስቀል ይዞ መካከላቸው ቆሞ እርቁ እስኪፈጸም ድረስ፥ ያ ሰው ዘመዶቹ ከፊትና ከኋላ ሆነው ካልሸኙት ቅዳሜ ገበያ አይወጣም።