ባቡር የት ይቁም?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምድር ሐዲድ ተዘርግቶ አያውቅም። ይሁን እንጂ የመንገደኛን ማረፊያ የሚወስነው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ጋይንት ከባቡር በፊት አይታዋለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ሲያመሩ፣ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል በሠረገላ ይጎተት ነበር። ሰፈሩ ወደ ፊት የሚሄደው መንገዱ በተጠረገ መጠን ነበርና መቅደላ የተደረሰው በመጋቢት ነው። ማረፊያውን የወሰነው እንግዲህ የንጉሡ ፈቃድ ሳይሆን ጭነቱ ነበር።

የምድር ባቡራችንም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ሳይቀዳ በረሃ አያቋርጥምና በዚህ ጊዜ ወሳኙ ውሃ ሆነ። ተሳፋሪውም በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ ሦስት ቀን ይጓዝ ነበር። ድሬዳዋማ ሐዲዱን ወደ ሐረር ደጋ ማውጣት ስለ ከበደ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የባቡር ድካም ከተማ ወለደ ብንል አልተሳሳትንም።

በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ግን በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ውሃ አያስቆመውም፤ የሚቆመው ለሰው ነው። ሁለቱ መስመሮች እያንዳንዳቸው 22 ጣቢያ ሲኖሯቸው፣ ከስታዲየም እስከ ልደታ ያሉትን አምስቱን በጋራ ስለሚጠቀሙባቸው ድምሩ 39 ነው። (አረንጓዴውን መስመር ሲጠብቅ ሰማያዊው ላይ የተሳፈረ እንግዳ ስሕተቱን የሚያውቀው አምስቱን ጣቢያዎች ካለፈ በኋላ ነው።) በቶኪዮና በመሰሉት ከተሞች ትናንሾቹን ጣቢያዎች እየዘለለ የሚያልፍ ፈጣን ባቡር አለ። ለዚህ ግን ዘገምተኛው ገለል የሚልበት ትርፍ ሐዲድ ያስፈልጋል። ለመሄጃ አንድ፣ ለመመለሻ አንድ ሐዲድ ብቻ ባለበት የኋላው የፊተኛውን ሊቀድመው አይችልም። በየጣቢያው አንድ ደቂቃ ቢያልፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደው ሠራተኛ ሃያ ደቂቃ ያህል ያጣል። እኛ ግን መዝለሉን አንመኝም፤ የሚዘለለው ብዙ ጊዜ ድኻው የሚወርድበት ጣቢያ ይመስለናል።

በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት የጀመረውን አዲሱን የጅቡቲ መስመር መመልከት ይበቃል። ከቀድሞው እጅግ ይፈጥናል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ጣቢያዎች ከከተሞች ውጭ ተሠሩ። የድሮው ተሳፋሪ ለገሐር፣ ከከተማው መካከል ይወርድ ነበር፤ የአሁኑ ለቡ ላይ ወርዶ ሌላ መኪና ይፈልጋል። በሐዲድ ላይ የተረፈው ጊዜ በጣቢያው በር ላይ ያልቃል።

ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ጋይንትን የሚያቋርጠው አውቶቡስ ይህን ሁሉ አያውቅም። ንፋስ መውጫ ሳይደርስ የገዛ ማሳው በመስኮት የታየው ገበሬ «ወራጅ አለ!» ሲል ሾፌሩ ፍሬን ይይዛል።