ብርዝ፣ ቱሳሔ፣ ውሕድ፦ የፈሳሾች አመዳደብ በአማርኛ የስያሜ ታሪክ

ፈሳሾችን በይዘታቸው የምንለይባቸው የአማርኛ ስያሜዎች ከሁለት ቤት የወጡ ናቸው፤ ከማጀትና ከጉባኤ ቤት። የትምህርት ቤቱ ኬሚስትሪ ሁለቱንም ወርሷል። ይህ አጭር ጽሑፍ በውርሱ መካከል አንድ ሥርወ ቃል ትርጉሙን ገልብጦ መሻገሩን ያሳያል።

የማጀቱ ስያሜ የሚነሣው ከተፈጸመው ድርጊት ነው። ማር በውሃ ሲበረዝ ብርዝ ይባላል፤ ጌሾ ገብቶበት ሲብላላ ጠጅ ይሆናል። ያልጠለለ ጠላ ጉሽ ነው፤ ጠላው ከተቀዳ በኋላ በተረፈው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚገኘው ደግሞ ቅራሪ ነው። ወጥ ውሃ ሲጨመርበት ይከለሳል። «ታሪክ ተበረዘ፣ ተከለሰ» የሚለው አነጋገርም የተቀዳው ከዚሁ ማጀት ነው።

የጉባኤ ቤቱ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ባሕርያቸው ይጠበቃል ወይስ ይጠፋል? በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የጸናው የተዋሕዶ ትምህርት፣ መለኮትና ትስብእት ያለ ቱሳሔ፣ ማለትም ያለ መቀላቀል፣ አንድ ሆኑ ይላል። መምህራኑ ቱሳሔን ለማስረዳት ብርዝን ይጠቅሳሉ፤ ማርና ውሃ ሲቀላቀሉ ማርም ውሃም የማይባል ሦስተኛ ነገር ይገኛልና። ለተዋሕዶ በአንጻሩ የጋለ ብረት ይጠቀሳል፤ እሳቱ እሳትነቱን፣ ብረቱም ብረትነቱን አይለቅም።

የኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት ደግሞ ክፍሎቹ ባሕርያቸውን ጠብቀው የሚገኙበትን «ድብልቅ»፣ ባሕርያቸውን ለውጠው አዲስ ነገር የሚሆኑበትን «ውሕድ» ይሉታል። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የየራሳቸውን ጠባይ ትተው ውሃ ሲሆኑ፣ ውሃው ውሕድ ነው። በዚህ አመዳደብ ብርዝ ድብልቅ ይሆናል፤ ውሃው ቢተን የማሩ ስኳር ይቀራልና። እንግዲህ በጉባኤ ቤት የባሕርይን መጠበቅ ያመለክት የነበረው ሥርወ ቃል፣ በኬሚስትሪ የባሕርይን መለወጥ አመላካች ሆነ። የሦስተኛ ነገር ምሳሌ የነበረው ብርዝም ወደ ተቃራኒው ወገን ተሻገረ።

ይህ መገለባበጥ ቃሉን ከአገልግሎት አያስወጣውም፤ በሁለቱም ቤት ላለፈ ተማሪ ግን ዕንቅፋት ነው። ስለዚህ የሙያ ቃላት መዝገብ ስናዘጋጅ ስያሜውን ከነተቃራኒው ልንመዘግብ ይገባል፤ ከቱሳሔ አንጻር የቆመው ውሕደት ሌላ፣ ከድብልቅ አንጻር የቆመው ውሕድ ሌላ ነውና።