ከካርታ ጠረጴዛ እስከ ጌም ቤት፦ ጥልቀት የሚያሳዩ መነጽሮችና የደቡብ ቆላ ከተሞች

ስቴሪዮስኮፕ ለግራና ለቀኝ ዓይን ጥቂት የሚለያዩ ሁለት ምስሎችን ለየብቻ የሚያቀርብ መሣሪያ ነው። የአዋቂ ሰው ዓይኖች፣ ከብሌን እስከ ብሌን ሲለካ፣ በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ እያንዳንዱ ዓይን ያንኑ ነገር ከራሱ ጎን ያየዋል። አንጎል ሁለቱን ዕይታዎች ሲያዋህድ በመካከላቸው ካለው ልዩነት የቅርቡን ከሩቁ ይለያል። ሁለት ጠፍጣፋ ምስሎች እንደ አግባቡ ከቀረቡለት ተመልካች ፊት ተራራው የሚነሳው፣ ሸለቆውም የሚሰምጠው ለዚህ ነው። በእጅ ከሚያዝ የጌም መሣሪያ ጋር በገመድ ተያይዞ ጨዋታውን ከነጥልቀቱ የሚያሳየው የዛሬው የቪዲዮ መነጽርም ሌላ ምሥጢር የለውም። በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላ የሚገኘው የነገሌ ቦረና፣ የያቤሎ፣ የሜጋና የሞያሌ አገር ግን ከዚህ መሣሪያ ጋር የተዋወቀው በጨዋታ በኩል አይደለም። የአካባቢው ሰው በመነጽሩ ማየት ከመጀመሩ ከብዙ ዓመታት በፊት መሬቱ ራሱ በመነጽሩ ታይቷል።

መሣሪያውን የፈለሰፈው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ቻርልስ ዊትስቶን ሲሆን ሥራውን ይፋ ያደረገው በ1838 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የፎቶግራፍ ጥበብ ለሕዝብ የተገለጠው በ1839 ስለሆነ ዊትስቶን በሁለት መስተዋቶች ያሳየው በእጅ የተሣሉ መስመሮችን ነበር። በ1849 ዴቪድ ብሩስተር በመስተዋት ፋንታ ሌንስ ተጠቅሞ መሣሪያውን አሳነሰው። በ1851 በለንደኑ ታላቅ ዐውደ ርእይ ንግሥት ቪክቶሪያ ካየችው በኋላ በአውሮፓ ቤቶች ተፈላጊ ሆነ። አሜሪካዊው ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ በ1861 አካባቢ የሠራው እጀታ ያለው ቀላል ዓይነት ደግሞ መሣሪያውን ለብዙ ሰው አዳረሰ። በእጅ ተይዞ ዓይን ላይ የሚደገን መዝናኛ እንግዲህ ከኤሌክትሮኒክስ እጅግ ቀድሞ የተወለደ ነው።

ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ያደረሰው ግን ጦርነትና የካርታ ሥራ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ ከአውሮፕላን የሚነሱ ፎቶዎችን በስቴሪዮስኮፕ መመርመር የጦር ሠራዊቶች ልማድ ሆነ። በጥር 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ ጦር በገናሌ ዶሪያ ግንባር የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት ገፍቶ ነገሌን ሲይዝ አውሮፕላን ከዋነኞቹ መሣሪያዎቹ አንዱ ነበር። ጣሊያኖች ከ1935 እስከ 1941 በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ክፍሎች ያነሷቸው በሺህ የሚቆጠሩ የአየር ፎቶዎች በካርቶን ላይ ተለጥፈው በአዲስ አበባ በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ተጠብቀው ኖረዋል። በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ አንድ ቁልቁል የተነሣ ፎቶ፣ በግራና በቀኝ በኩል በሰያፍ የተነሡ ሁለት፣ እንዲሁም ወደ አድማስ የሚያይ አንድ ፎቶ ይገኛል። ለወረራ የተነሣው ፎቶ ዛሬ የደን መመናመንንና የመሬት መሸርሸርን ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች ከሌላ ቦታ የማይገኝ ማስረጃ ሆኗል።

ከነጻነት በኋላ የካርታና ጂኦግራፊ ኢንስቲትዩት በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ተቋቋመ። በ1960ዎቹ ደግሞ ከአሜሪካ ጦር የካርታ አገልግሎት ጋር በመተባበር የአገሪቱን ካርታ የማንሳት ሰፊ ሥራ ተካሄደ። አውሮፕላኑ ቀጥ ባለ መስመር እየበረረ በየመሐሉ ያነሣል፤ አንዱ ፎቶ ከሚቀጥለው ጋር በመቶ 60 ያህል ይደራረባል። ይህ መደራረብ የሥራው ሁሉ መሠረት ነው። ያው ኮረብታ በሁለት ፎቶ ላይ ከሁለት ቦታ ታይቶ ስለሚገኝ፣ ሁለቱ ፎቶዎች ለሁለት ዓይን የተዘጋጁ ጥንዶች ይሆናሉ።

ባለሙያው ጥንዶቹን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በሁለቱም ላይ የሚታወቅ አንድ ነጥብ፣ ለምሳሌ የመንገድ መገንጠያ ወይም ብቻውን የቆመ ዛፍ፣ ይመርጣል። ከዚያ እግሩ የሚታጠፍ ባለ ሁለት ሌንስ የኪስ ስቴሪዮስኮፕ ከላይ ያቆምና ሁለቱ ነጥቦች አንድ እስኪሆኑ ድረስ አንዱን ፎቶ በጣቱ እየገፋ ያስተካክላል። መጀመሪያ ምስሉ ተደራርቦ ይዋዥቃል፤ ዓይን ሲለምደው በድንገት ይረጋና መሬቱ ብድግ ይላል። ከሜጋ በስተ ሰሜን ያለው የኤል ሶድ ጨው ሐይቅ በዚህ ዓይነት ሲታይ አስደንጋጭ ነው። ሐይቁ ያረፈው ጥልቅ በሆነ የእሳተ ገሞራ ገደል ውስጥ ሲሆን፣ በጠፍጣፋው ፎቶ ላይ ጥቁር ክብ ብቻ ሆኖ ይታያል። በስቴሪዮስኮፕ ግን ግድግዳው ከእውነተኛው ይልቅ ተገትሮ፣ ጉድጓዱም ከእውነተኛው ይልቅ ጠልቆ ይቀርባል። አውሮፕላኑ ፎቶዎቹን ያነሣባቸው ሁለት ቦታዎች በኪሎ ሜትር የሚለካ ርቀት ስለነበራቸው፣ ተመልካቹ ዓይኖቹ በዚያ ልክ የተራራቁ ግዙፍ ፍጡር ሆኖ አገሩን ያያል። ጀማሪ ከሚሳሳትባቸው ነገሮች አንዱ ይህን የተጋነነ ከፍታ እንዳለ መቀበል ነው። ትክክለኛው ከፍታ የሚገኘው በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ያለውን የአቀማመጥ ልዩነት በሚለካው የፓራላክስ መለኪያ ወይም ስቴሪዮፕሎተር በተባለው ከባድ መሣሪያ ነበር። በ1:50,000 ካርታዎች ላይ የምናያቸው የከፍታ መስመሮችም ከዚሁ ዓይነት ሥራ የወጡ ናቸው።

መሣሪያው የማያሳየውም ነገር ነበር። በቦረና ቱላ በሚባሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች ላይ ከብቱ ወደ ውኃው የሚወርድበት የተቆፈረ መንገድ ከላይ ሊታይ ይችላል። የጉድጓዱ ስም፣ ባለቤቱ የትኛው ጎሳ እንደሆነ፣ ማን መቼ እንደሚያጠጣ ግን በፎቶ ላይ አይነበብም። ለስሙ የመስክ ሠራተኛ ፎቶውን ይዞ እዚያው መሄድና የአገሩን ሰው መጠየቅ ነበረበት። በአንዳንድ ካርታዎች ላይ የቦታ ስሞች በተዛባ አጻጻፍ መገኘታቸው የሚያሳዝነውም፣ የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ ያን ያህል ተጠንቶ እያለ ስሙ ትንሽ ተጨማሪ ጥንቃቄ በመነፈጉ ነው።

የጂኦሎጂ ባለሙያዎች በአዶላና በሻኪሶ የወርቅ አገር የድንጋዩን ስንጥቅና መታጠፍ ሲከታተሉ ያው የኪስ ስቴሪዮስኮፕ ከመዶሻቸው ጋር በከረጢታቸው ነበር። በ1975 በተጀመረው ሦስተኛው የእንስሳት ሀብት ልማት ፕሮጀክት ሥር በያቤሎ የተቋቋመው የደቡብ ግጦሽ መሬት ልማት ድርጅትም ኩሬና መንገድ የሚሠራበትን ቦታ ለመምረጥ መልክዐ ምድሩን የሚያሳይ ካርታ ያስፈልገው ነበር። ኋላ ኮምፒውተር የፎቶውን ጠረጴዛ ተካ። ካርታ አንሺው በሴኮንድ ብዙ ጊዜ የሚከፈትና የሚዘጋ የፈሳሽ ክሪስታል መነጽር አድርጎ ስክሪን ላይ መሥራት ጀመረ፤ ስክሪኑ የግራውን ምስል ሲያሳይ የቀኙ መስኮት ይጨልማል፣ የቀኙን ሲያሳይ የግራው። በዚሁ ዘዴ የሚሠራ መነጽር በ1987 ከኔንቴንዶና ከሴጋ የጌም መሣሪያዎች ጋር ለልጆች ተሽጧል። የካርታው መነጽርና የጌሙ መነጽር በዚህ ጊዜ እንደገና ተገናኙ ማለት ይቻላል።

የጨዋታው ዘር የራሱ ሐረግ አለው። በ1939 በኒውዮርክ ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ የቀረበው ቪው ማስተር የተባለ መመልከቻ በአንድ ክብ ካርቶን ላይ 14 ትንንሽ ፎቶዎች፣ ማለትም 7 ጥንዶች፣ ይይዝ ነበር። በ1983 የጃፓኑ ኩባንያ ቶሚ እንደ ባይኖክላር ዓይን ላይ የሚደገን በባትሪ የሚሠራ ጌም አወጣ፤ በእጅ የሚያዝ ባለ ጥልቀት ጌም ከተባለ መጀመሪያ ሊጠቀሱ ከሚገባቸው አንዱ ይህ ነው። ቀጥሎ በ1995 የኔንቴንዶ ቨርቹዋል ቦይ መጣ። የመሣሪያው አባት ጉንፔ ዮኮይ በ1989 ጌም ቦይን ለዓለም ያቀረበው ሰው ነው። በቨርቹዋል ቦይ ውስጥ ለእያንዳንዱ ዓይን በአንድ መስመር የተደረደሩ ቀይ መብራቶች ነበሩ፤ የሚርገበገብ መስተዋት መስመሩን እየጠረገ ሙሉ ምስል ያስመስለዋል። ቀለሙ ቀይና ጥቁር ብቻ ነው። እንደ ጌም ቦይ በኪስ ተይዞ የሚዞር አልነበረም፤ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ተጫዋቹ ጎንበስ ብሎ ያየዋል። አንገትና ዓይን ያደክም ስለነበር፣ ከጎን ያለ ሰውም ምንም ስለማያይ፣ ከ770,000 ገደማ በላይ ሳይሸጥ በዓመቱ ተቋረጠ። ያው ኩባንያ በ2011 ያወጣው 3ዲኤስ መነጽሩን ጭራሽ አስቀረ፤ በስክሪኑ ላይ ያለ ረቂቅ መጋረጃ ለሁለቱ ዓይኖች ልዩ ልዩ ምስል ይልካል። ይህኛው ከ75 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

ቨርቹዋል ቦይ በጃፓን መደብሮች በወደቀበት ዘመን በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላ ከተሞች ምስል የሚታየው በቪዲዮ ቤት ነበር። በጥቁር መጋረጃ የተጋረደ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ መብራት በሌለበት ወይም በጠፋ ጊዜ ደግሞ ውጭ የሚጮህ ጄኔሬተር፤ ቪዲዮ ቤት ማለት ይህ ነው። የዕለቱ ፊልም በር ላይ በእጅ ተጽፎ ይለጠፋል። የህንድና የአክሽን ፊልም፣ ኋላም በሳተላይት የአውሮፓ እግር ኳስ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ የሚናገረውን ወጣት በአንድ ክፍል ሰበሰበ። በሞያሌና በዶሎ አዶ የድንበር ንግድ ከሚያልፈው ዕቃ መካከል ኤሌክትሮኒክስ ሁሌም ነበረበት፤ በሁለት ትንንሽ ባትሪ የሚሠራው፣ ጡብ የሚደረደርበት የቻይና የእጅ ጌምም ለብዙ ልጅ የመጀመሪያው ጌም ሆነ።

ቀጥሎ የፕሌይስቴሽን ቤት መጣ። በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 በኢትዮጵያ ከተሞች በትውልድ አገሩ ከኖረው በላይ ኖሯል። ክፍያው በጨዋታ ነው፤ ሁለት ልጆች ጆይስቲክ ይይዛሉ፣ ሌሎቹ ከኋላ ቆመው ይመክራሉ፣ ይጮኻሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ። ቤቱን የሚያቆመውም ይህ ከኋላ የቆመው ነው፤ ዛሬ ያየ ነገ ይከፍላል። ጥልቀት የሚያሳይ መነጽር በዚህ ንግድ ቦታ ለማግኘት የተቸገረው ዋጋው ውድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። መነጽሩ ለአንድ ሰው ያሳያል፣ ለሌላው ሁሉ ይዘጋል። በቆላው ከተማ ደግሞ ምስል ማየት ከጅምሩ የጋራ ነገር ነበር።

መነጽሩ ራሱ ግን በዚህ መሐል ብዙ ተሻሻለ። ሶኒ በ1996 ግላስትሮን የተባለውን አወጣ፤ ቩዚክስ የተባለው ኩባንያም በ2000ዎቹ አከታትሎ ሠራ። በ2014 ጉግል ስልክን በካርቶን መነጽር ውስጥ አስገብቶ ነገሩን እጅግ ርካሽ አደረገው፤ በዚህ መንገድ ስማርት ስልክ ያለው ሁሉ በእጁ ስቴሪዮስኮፕ አገኘ። በ2022 ስቲም ዴክ የተባለው የእጅ ጌም ለሽያጭ ቀረበ። በዚሁ ዓመት እንደ ንሪል ኤር ያሉ ቀላል መነጽሮች በብዛት ሲወጡ፣ አንድ ዩኤስቢ ሲ ገመድ ምስሉንም ኃይሉንም ስለሚያስተላልፍ ሁለቱን ማገናኘት የደቂቃ ሥራ ሆነ።

ገመዱን መሰካት ብቻውን ግን ጥልቀት አይሰጥም። መነጽሩ በመጀመሪያ የሚያሳየው ለሁለቱም ዓይን አንድ ዓይነት ምስል ነው፤ ይህ ትልቅ ስክሪን እንጂ ስቴሪዮስኮፕ አይደለም። ጥልቀት እንዲመጣ መሣሪያው ምስሉን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለግራ፣ ግማሹን ለቀኝ ጎን ለጎን መላክ፣ መነጽሩም በባለ ሁለት ምስል አሠራር ላይ መዋል አለበት። አቀማመጡ ካርታ አንሺው ጠረጴዛ ላይ ከሚደረድራቸው ጥንዶች ጋር አንድ ነው። ጌሙ ያንኑ ትዕይንት ከሁለት ቦታ ሁለት ጊዜ መሣል ስላለበት የእጅ መሣሪያው ይግላል፣ እንቅስቃሴው ይዘገያል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ሁለት ጊዜ መሣል የማይችሉ ጌሞች ላይ ተጨማሪ ፕሮግራም ከአንዱ ምስል የሁለተኛውን ግምት ያወጣል፤ በዚህ ጊዜ የነገሮች ዳር አንዳንዴ ይሸራረፋል።

በነገሌና በአካባቢዋ ለሚጠቀም ሰው የሚከብዱት ነገሮች ከዚህ ይከተላሉ። ብርሃን አሳላፊ የሆኑት መነጽሮች በቆላው የቀትር ፀሐይ ደብዝዘው ስለሚታዩ ከፊት የሚገጠመው ጥቁር መሸፈኛ ወይም ጨለም ያለ ክፍል ያስፈልጋቸዋል። የኤሌክትሪክ መቆራረጥ ባትሪ ለሚያሟጥጥ መሣሪያ ሸክም ነው፤ 254 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ ከነገሌ ብዙ ሳይርቅ በ2020 ቢመረቅም ኃይሉ የሚገባው ወደ ብሔራዊው መስመር ነው። በድንበር የገባ ዕቃ ዋስትናና መለዋወጫ የለውም፤ የተበላሸ ገመድ እንኳ የእውነተኛው ዓይነት ካልተገኘ ምስሉን አያስተላልፍም።

ዓይንን የሚመለከተው ጉዳይ ለካርታ አንሺውም ለተጫዋቹም እኩል ነው። ከሰው መካከል ጥቂት በመቶ የሚሆነው፣ በተለይ በልጅነቱ ዓይኑ የተንሸዋረረ፣ ሁለቱን ምስሎች ማዋሃድ አይችልም። ለካርታ ሥራ የሚመረጥ ሰልጣኝ አስቀድሞ በጥንድ ፎቶ የሚፈተነውም በዚህ ምክንያት ነው። የሌንሶቹ ርቀት ከተመልካቹ ብሌን ርቀት ጋር ካልተስማማ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣል። ኔንቴንዶ ስድስት ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች የ3ዲኤስን ባለ ጥልቀት ምስል እንዳያዩ ያስጠነቀቀው የሕፃናት ዕይታ ገና በማደግ ላይ በመሆኑ ነው፤ በአንድ መሣሪያ ብዙ ልጅ በሚፈራረቅበት ጌም ቤትም ይኸው ማስጠንቀቂያ ይሠራል።