የሼደር ኮምፓይለር ወገብ

በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ውሃውን የሚያንጸባርቀው፣ ጥላውን ከፀሐይዋ ጋር የሚያዞረው ሼደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ፒክስሎች አሉት። ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ ከ124 ሚሊዮን በላይ የቀለም ስሌት ይጠይቃል፤ አንዲት ትርፍ ትዕዛዝም ያንኑ ያህል ጊዜ ትደጋገማለች። ትርፉን የሚነቅሰው ኮምፓይለሩ ሲሆን፣ ዋናው ሥራ የሚካሄደው ከወገቡ ላይ፣ የተጻፈው ኮድ ከተነበበ በኋላና የቺፑ ትዕዛዝ ከመውጣቱ በፊት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 የሉካስፊልሙ ሮበርት ኩክ የአንድን ገጽ ቀለም በዛፍ መልክ ማስላትን አቀረበ፤ ቅጠሎቹ ግብዓት፣ መጋጠሚያዎቹ ስሌት ናቸው። በዓመቱ ኬን ፐርሊን ድግግሞሽና ቅድመ ሁኔታ ያለው ሙሉ ቋንቋ ይዞ መጣ። በ1990 ደግሞ ፓት ሃንራሃንና ጂም ላውሰን ለፊልም ምስል መሥሪያ የሆነውን የሬንደርማንን የሼደር ቋንቋ በጽሑፍ አስተዋወቁ። ያኔ ለፊልም አንድ ምስል ሰዓታት ቢፈጅም ችግር አልነበረውም።

ችኮላው የመጣው በ2001 ከግራፊክስ ቺፑ ከጂፎርስ 3 ጋር ነው። ፕሮግራመሩ ለቺፑ በአሴምብሊ ይጽፍ ነበር፤ የቅርጹን ማዕዘኖች የሚያሰላው የቨርቴክስ ሼደር ጣሪያም 128 ትዕዛዝ ነበር። በዚያው ዓመት ሃንራሃን ያሉበት የስታንፎርድ ቡድን አንድ ሼደር ተቀብሎ ራሱ የሚከፋፍል ኮምፓይለር አሳየ፦ ይህ ስሌት ለቅርጹ ሁሉ አንዴ ይበቃል፣ ያኛው ለየማዕዘኑ፣ ሌላው ለየፒክስሉ። የሥራ ክፍፍሉን ከሰው ትከሻ ማውረዱ የዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ከዚያ መንገዱ ተከፈለ። ማይክሮሶፍት በ2002 ከዳይሬክትኤክስ 9 ጋር ባወጣው ኤችኤልኤስኤል በተባለ የሼደር ቋንቋ ኮዱን አስቀድሞ ወደ ባይትኮድ ለወጠ። በ2004 የወጣው ኦፕንጂኤል 2.0 ግን ጂኤልኤስኤል የተባለውን የራሱን የሼደር ቋንቋ ጽሑፍ እንዳለ ቺፑን ለሚያሠራው ፕሮግራም፣ ለድራይቨሩ ሰጠ። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን አንባቢ ጻፈ፤ አንዱ ድራይቨር የተቀበለውን ሼደር ሌላው ይመልሰው ጀመር።

የዚህን ሸክም ክብደት በግልጽ የሚያሳየው ብራያን ፖል በ1993 የጀመረው ነፃው የኦፕንጂኤል ሥሪት ሜሳ ነው። በ2010 ኢያን ሮማኒክና የኢንቴል ባልደረቦቹ ለሜሳ 7.9 አዲስ የጂኤልኤስኤል ኮምፓይለር ሠሩ፤ ወገቡ አሁንም ዛፍ ነበር። በዛፍ ላይ ተመሳሳይ ስሌት በሁለት ቅርንጫፎች ሲደገም ለማየት ያስቸግራል፤ ድራይቨሮቹም ያንኑ ጽዳት እየደጋገሙ ይሠሩ ነበር።

በ2014 ክረምት በኢንቴል ተለማማጅ የነበረው ኮነር አቦት ኒር የተባለ አዲስ ወገብ ጀመረ፤ በጥር 2015 ሜሳ ውስጥ ገባ። በኒር እያንዳንዱ ውጤት ዋጋ የሚሰጠው አንዴ ብቻ ስለሆነ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይታወቃል። ሐሳቡ በ1980ዎቹ መጨረሻ የአይቢኤም ተመራማሪዎች ያዳበሩት ነው። ኒር ግን የ«ከሆነ» እና የድግግሞሽ ቅርጾችን አላፈረሰም፤ የግራፊክስ ቺፕ ብዙ ፒክስሎችን ጎን ለጎን ስለሚነዳ፣ ተለያይተው የሚሄዱት የት እንደሚገናኙ ማወቅ አለበት። የማቅለያ ሕጎቹ በፓይተን ሰንጠረዥ ተጽፈው ወደ ሲ ኮድ ይለወጣሉ። ጥንቃቄውም የሚደነቅ ነው፦ አንድ ቁጥር በዜሮ ሲባዛ ሁልጊዜ ዜሮ አይሆንም፤ ወሰን የለሽ ቁጥር ሊያጋጥም ይችላል። ስለዚህ ይህን የመሰለ ሕግ ፍጹም ትክክለኛነት በሚጠየቅበት ቦታ እንዳይሠራ ምልክት ይደረግበታል።

የኦፕንጂኤልን ደረጃ የሚያወጣው ክሮኖስ በ2015 ስፐርቪ የተባለ የጋራ ባይትኮድ አስተዋወቀ፤ ስፐርቪን የሚቀበለው አዲሱ የግራፊክስ ደረጃ ቩልካን የካቲት 16 ቀን 2016 ሲወጣም የጽሑፉ ንባብ ከድራይቨሩ ወጣ። ፌይዝ ኤክስትራንድ ስፐርቪን ወደ ኒር የሚያሻግረውን ክፍል ስለጻፈች የኢንቴል ነፃ ድራይቨር በዚያው ዕለት ደረሰ። በኋላ ለአፕል ኤም1 በነፃ የተሠራው ድራይቨርም ወገቡን ከኒር ወስዷል። ለኤኤምዲ ቺፖች ደግሞ የቀረው ጣጣ ከታች ነበር፤ የቺፑን ትዕዛዝ የሚያወጣው ኤልኤልቪኤም የተባለ ኮምፓይለር ሲዘገይ ጨዋታው ይንተባተብ ነበርና ቫልቭ ኤሲኦ የተባለ አዲስ የኋላ ክፍል አሠራ፤ እሱም በ2019 ከሜሳ 19.3 ጋር ወጣ።