የሠርግ ድግስና የዕዳ ቁራኛ

ሕመም ጠንቶበት ከመኝታው መነሣት የተሳነውን ሰው «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» እንላለን። ቃሉን ዘወትር ብንናገረውም ከየት እንደ መጣ የምናስታውስ ጥቂቶች ነን። በቀድሞው ዘመን የፍርድ ልማድ፥ የተበደረውን መክፈል ያቃተውና ዋስ ያጣ ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር በአንድ ሰንሰለት ወይም በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ ይውል ነበር። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይነሣል፤ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይቀመጣል። ይህ ነበር ቁራኛ የሚባለው።

ሰንሰለቱ ዛሬ ቀርቷል። ይሁን እንጂ በዕዳ ላይ ዕዳ ጨምሮ የሚደግስ ሙሽራ፥ ከሙሽራይቱ ጋር አንድ የማይታይ ሦስተኛ ሰው ወደ ጎጆው አስከትሎ ይገባል። ስለዚህ አባቶቻችን ሠርግን በምን አቅም ይደግሱ እንደ ነበር መመርመር ለዛሬው ወጣት ይጠቅማል።

የገጠሩ ሠርግ በአብዛኛው በጥር ወር የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። መኸሩ ተሰብስቦ ጎተራው የሚሞላበት፥ የእርሻ ሥራ የሚቀልበት፥ ዐቢይ ጾምም ያልገባበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ድግሱ የሚለካው በተገኘው እህል ነበር። ዳሱን የመንደሩ ጎረምሶች ይጥላሉ፤ እንጀራውን የጎረቤት ሴቶች ተጋግዘው ይጋግራሉ፤ ዘመድ ወዳጅም እህሉን፥ ቅቤውን፥ ማሩን እንደ ዓቅሙ ያመጣል። ይህ ሁሉ በነገው የጎረቤት ልጅ ሠርግ በዓይነቱ የሚመለስ ውለታ ነበር፤ አራጣ ግን አልነበረበትም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ትርጉሙን ያገኛል።

ከዚህም የሚበልጥ ቁም ነገር ነበር። በብዙ የሰሜን አገር ገጠሮች ሽማግሌዎች ለድርድር ሲቀመጡ አጥብቀው የሚነጋገሩት ስለ ማጫ ነበር። ይኸውም የሁለቱ ወገን ወላጆች ለተጋቢዎቹ መቋቋሚያ የሚሰጡት ከብት ነው። ጠጁ በዕለቱ ተጠጥቶ ያልቃል፤ በሬው ግን በማግሥቱ ያርሳል።

አባቶች ሁሉ ጠንቃቆች ነበሩ ማለታችን አይደለም። ለሠርግና ለተዝካር ሲል የሚያርስበትን በሬ ሸጦ የደኸየ ገበሬም ነበር። የከተማ ኑሮ ሲስፋፋ ደግሞ ችግሩ መልኩን ለወጠ። ደመወዝተኛው ጎተራ የለውም፤ ዳሱም፥ ሥጋውም፥ መጠጡም በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ሆነ። የድግሱ ስፋት ግን እንደ ገጠሩ ቀረ። ጎተራው የነበረበትን ቦታ አበዳሪ ያዘው።

የብድርን ክብደት በቁጥር እንመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በብድር ውል የሚታሰብ ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ደንግጓል። በዚሁ ልክ 200,000 ብር ለሠርጉ የተበደረ ሰው፥ ዋናው ገንዘብ ሳይነካ፥ ለወለዱ ብቻ በዓመት 24,000፥ በወር 2,000 ብር ይከፍላል። ከአራጣ አበዳሪ የወሰደ እንደ ሆነማ ሸክሙ ከዚህ የከፋ ነው።

ሕጉ ለጋብቻ ድግስን አይጠይቅም። የ1952ቱ ሕግም ሆነ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፥ በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዓት ሊፈጸም እንደሚችል ይናገራሉ። በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚጋቡ ሰዎች በ1992ቱ ሕግ የሚያስፈልጋቸው ነጻ ፈቃዳቸውና ከየወገናቸው ሁለት ሁለት ምስክሮች እንጂ ጠጅና ዳስ አይደለም። ይኸው ሕግ የአንደኛው ተጋቢ ዕዳ ከግል ንብረቱ እንዲከፈል፥ የግል ንብረቱ ያልበቃ እንደ ሆነ ግን ከጋራ ንብረቱ እንዲጠየቅ ይፈቅዳል። ስለዚህ ዕዳን ከእጮኛ መደበቅ የሌላውንም ሰው ጎጆ በመያዣነት እንደ መስጠት ይቆጠራል።

እንግዲህ ዕዳ እያለብህ ልታገባ የምታስብ ወንድማችን፥ አንቺም እኅታችን፤ አስቀድማችሁ ያለባችሁን ዕዳ ከነመክፈያ ቀኑ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ በሁለታችሁ መካከል አኑሩት። ከየወሩ ገቢ በመጀመሪያ የዕዳው ክፍያ ይነሣ፤ ከቀለብና ከቤት ኪራይ የተረፈው በዕቁብ ይጣል። የዕቁቡ ገንዘብ ድግሱን ይለካው እንጂ ድግሱ ዕቁቡን አይለካው። ይህንም አትዘንጉ፤ ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው የቀረውን ጊዜ ሁሉ ባለዕዳ ነው፤ ዋስ የሚጠራውም ስለዚህ ነው። ድንኳኑንና ድስቱን ከዕድሩ መዋስ፥ መልሱንና ቅልቅሉን በአንድ ቀን ማድረግ፥ የሚዜዎችን ቁጥር መቀነስ፥ ይህ ሁሉ ወጪን ያቃልላል፤ ክብርን ግን አይቀንስም።

ከሁሉ የሚከብደው ይሉኝታ መሆኑን እናውቃለን። «የእገሌ ልጅ በባዶ ተዳረች» መባልን የማይፈራ ወላጅ ጥቂት ነው። ነገር ግን እንዲህ የሚለው ሰው በድግሱ ማግሥት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ከአበዳሪው ጋር የሚቀሩት ሙሽሮቹ ናቸው። ሽማግሌዎቻችንም ለሽምግልና ሲቀመጡ፥ እንደ ቀድሞዎቹ፥ ከጠጁ አስቀድመው የጎጆውን መቋቋሚያ ቢጠይቁ የአባቶችን ወግ ጠበቁት እንጂ አላፈረሱትም።

በማር ወር ላይ ያለ ቤት እንግዳ አያጣም፤ ቁራኛ ግን አይግባበት።